ቡሬ ያለቀሰ ዕለት

ፍኖተ ሰላም በመምህርነት ተመድቤ ስደርስ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው። ከአውቶቡስ ስወርድ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ይዣለሁ፤ ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ደብተር አለ። ደብተሩ ላይ ገና ያላለቀ ቴአትር ተጽፏል። በዕድሜዬ ቴአትር ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ፣ መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ። አንድ ጊዜ ያየ ሰው ወሬውን እያወራ ይኖራል። ሁለት ጊዜ ያየ ግን ሦስተኛውን ራሱ ካላዘጋጀ ዕረፍት አያገኝም። እኔም ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ገና ሁለት ወር ሳልሞላ ዲሬክተራችን መምህራኑን ሰበሰቡን። ደግ፣ ጨዋታ ወዳድ፣ ሰው ሲያጨበጭብላቸው ፊታቸው የሚበራ ሰው ነበሩ።

«የዘውድ በዓል ደረሰ» አሉ። «ዓምና ልጆቹን አዘመርናቸው፤ ካቻምናም አዘመርናቸው። ዘንድሮ ምን እናድርግ?»

እጄን ላወጣ ስል አጠገቤ የተቀመጠው የሒሳብ መምህር የኮቴን ጫፍ ጎተተ። «ተው፣ ሥራው የሚጫነው እጁን ባወጣው ላይ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። አልሰማሁትም። ቴአትር እናሳይ አልኩ። እሳቸውም ወዲያው ተስማሙና ያን የሒሳብ መምህር ረዳቴ አደረጉት። ለብዙ ቀን አላናገረኝም።

ቴአትሩ ስለ ሁለት ወንድማማቾች ነው። ከአባታቸው የወረሱት መሬት መካከል አንዲት ጠባብ ቁራጭ አለች፤ በእሷ ይካሰሳሉ። ታላቁ ማኅተም ያለበት የሐሰት ወረቀት ያመጣል፣ ሐሰተኛ ምስክር ያቆማል፣ ይረታል። ከዚያ እኔ ነጭ ልብስ ለብሼ ብቅ እልና ወንድም ከወንድሙ መካሰስ እንደማይገባው፣ ሐሰት መናገር ኃጢአት እንደሆነ፣ ትምህርትም ከሁሉ እንደሚበልጥ ለሩብ ሰዓት ያህል አስረዳለሁ። ስጽፈው ዕንባ ይተናነቀኝ ነበር።

ዳኛው የሒሳብ መምህሩ ሆነ፤ ረጅምና ኮስታራ ስለነበረ ልብሱን እንኳ መቀየር አላስፈለገውም። ሐሰተኛው ምስክር መጥፎ ሰው መሆኑ ከሩቅ እንዲታወቅ ፊቱን ከሰል ቀባነው። ያስቸገረኝ የታናሹ ወንድም ሚስት ነበረች። በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ ሰው ፊት ወጥታ ትጫወት ማለት ቤተሰቧን ማሰደብ ነው። ስለዚህ አንዱን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ቀሚስ አለበስነው። ድምፁ በመሰበር ላይ ስለነበር ግማሹን ዓረፍተ ነገር በሴት ድምፅ ይጀምርና በጎረምሳ ድምፅ ይጨርሰዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስንለማመድ የባልትና መምህርቷ በመስኮት ስታየን ቆይታ በሳቅ ፈረሰች። በትምህርት ቤታችን ብቸኛዋ ሴት መምህር እሷ ነበረች፤ አገሯ ቡሬ ነው።

«ሚስት እንዲህ ትራመዳለች?» አለች። «ይኼ እኮ ሞፈር የተሸከመ ሰው አካሄድ ነው።»

«እንግዲያው አሳዪን» አልኳት፣ ተናድጄ።

ገባች። ነጠላዋን አጣፋች፣ ከዴስኮቹ መካከል ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ አለች፣ ከዚያ ባሏ ወደ ሸንጎ ሲሄድ በሩ ላይ ቆማ የምትለውን ሁለት መስመር እንደ ዋዛ አለችው። የሒሳብ መምህሩ ጠመኔውን ከእጁ ጣለው። ልጁ ራሱ ቀሚሱን እያወለቀ «እሷ ትሁን» አለ።

ሦስት ነገር አስማለችን። «አላለቅስም። አልመታም። እናቴ ደግሞ እንዳትሰማ።» የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቃል ገባሁላት፤ ሦስተኛውን ለእግዚአብሔር ተውነው።

የበዓሉ ዕለት በትምህርት ቤቱ ግቢ ዴስክ ገጣጥመን መድረክ ሠራን። መጋረጃው ከየቤታችን የመጣ አንሶላ ነው። ሹማምንቱ ወንበር ላይ፣ የከተማው ሰው አግዳሚ ላይ፣ ገበሬው ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ከሁሉ በስተኋላ፣ ጥላ ዘርግተው፣ የደብሩ የቅኔ መምህር የኔታ ቆመዋል። የኔታ ስንት ሊቅ ያስመረቁ፣ በቃል አመራረጥ የማይታገሡ ሰው እንደሆኑ አገር ያውቃል።

ቴአትሩ ተጀመረ። ታናሹ ወንድም ቦይ ሲቆፍር፣ ሚስቱ ምሳ ስታመጣለት፣ ታላቁ ሲመጣ፣ ሲጣሉ፣ ሁሉም ደህና ሄደ። ሸንጎው ላይ ደረስን። ባለ ከሰሉ ምስክር መሰከረ። ዳኛው ጉሮሮውን ጠርጎ «ፍርድ ቤቱ ግራ ቀኙን መርምሮ መሬቱ ለታላቁ...» ሲል ከሣሩ ላይ እንደ ነጎድጓድ የሆነ ድምፅ ወጣ።

«በሕግ አምላክ!»

ዳኛው ቀጥ አለ። በሕግ አምላክ ከተባለ ዳኛም ይቆማል፣ ሌባም ይቆማል። አንድ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቁምጣ የታጠቁ ገበሬ ጋቢያቸውን በትከሻቸው ላይ መልሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ወደ መድረኩ መጡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። በኋላ እንደሰማሁት በአካባቢው ነገር አዋቂነታቸው የታወቀ፣ ለጎረቤት ሁሉ የሚሟገቱ ሰው ናቸው። ዴስኩ ላይ ወጥተው ለዳኛው እጅ ነሡና በጥንቱ የሙግት ወግ ዘንጋቸውን ወደ ታላቁ ወንድም ቀሰሩ።

«በላ ልበልሃ!

ሞፈር የጻፈውን፣ መሬት ያነበበውን፣
የትናንት ወረቀት ይሽረዋል ወይ አሁን?»

ከዚያ ወደ ዳኛው ዞሩ። «ጌታዬ፣ ቦዩን የቆፈረው ማነው? ታናሹ ነው። ቅድም እዚሁ ሲቆፍር ሁላችንም አይተናል። ሰው ለሰው መሬት ቦይ ይቆፍራል? እርስዎም ኸዚያ ኸአንሶላው ጀርባ ሆነው በቀዳዳው ሲያዩ አይቼዎታለሁ!»

እውነት ነው፤ ዳኛው በቀዳዳ ሲያይ ነበር። ሕዝቡ በእልልታና በጭብጨባ ተነቃነቀ። የሒሳብ መምህሩ ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ «ምን ልፍረድ?» አለኝ። እኔ ነጭ ልብሴን ለብሼ ከመጋረጃው ጀርባ ተገትሬያለሁ። እሱም ሒሳብ አዋቂ ነውና ማስረጃውን አመዛዝኖ መሬቱን ለታናሹ ፈረደ። ትምህርቴን ልሰጥ ብቅ ስል ሰዉ ገበሬውን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ጠላ ቤት እየሄደ ነበር። ለባዶ ሣርና ለሹማምንቱ ተናገርኩ። አንድ ሰው ግን እስከ መጨረሻው አልተንቀሳቀሱም፤ የኔታ። ስጨርስ ጥላቸውን አጥፈው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ሄዱ።

ዲሬክተራችን ተደስተዋል፤ ሹማምንቱም ስቀዋል። የኔታ ዝም ማለታቸው ግን እንደ እሾህ ወጋኝ። በሳምንቱ ቅዳሜ ከደብሩ ግርጌ ወዳለው ጎጇቸው ሄድኩ። ተማሪዎቻቸው በየጥላው ሥር ተቀምጠው ቅኔ ይቆጥራሉ። እጅ ነሥቼ ቆምኩ።

«የኔታ፣ እንደምን ዋሉ? ባለፈው የሠራነውን አይተውልናል። እንዴት ነበር ብዬ ነው የመጣሁ።»

«ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉና ጭራቸውን አወዛወዙ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ምስክር ፊቱን ምን ሆኖ ነው?»

«ክፉ ሰው መሆኑ እንዲታወቅ ከሰል ቀብተነው ነው።»

«እህ። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር ፊቱን ከሰል ተቀብቶ የመጣ ክፉ አልገጠመኝም። ታጥቦ፣ ጸድቶ፣ እንደምን አደሩ ብሎ ነው የሚመጣ።» ተማሪዎቹ ጆሯቸውን ሰጡ። «መጨረሻ ላይ ነጭ ለብሰህ የተናገርኸውስ ምንድን ነው?»

«ትምህርቱን ነው፣ የኔታ። የቴአትሩን ምስጢር።»

«ቅኔ ስዘርፍ ወርቁን ቆፍሬ አውጥቼ በየሰዉ መዳፍ አላስቀምጥም። ሰሙን እሰጠዋለሁ፤ ወርቁን ራሱ ሲያገኘው ነው ቤቱ ድረስ ይዞት የሚሄድ። አንተ ግን ሰዉን ሞኝ ነው ብለህ ናቅኸው።»

አንገቴን ደፋሁ። የኔታ አዩኝና ድምፃቸውን ለዘብ አደረጉ።

«ያቺ ሴት ግን በር ላይ ቆማ ያለችው፣ ይበል ነው። እሷ ስትናገር መናገሯን ረሳሁ። ያ ገበሬም እንዲሁ። እንግዲህ ጥሩውን አይተሃል፤ የቀረውን ወደዚያ ሳበው። ስማ፣ ይበል ለማለት አትቸኩል፤ ሲገባ ደግሞ አትሰስት።»

ከዚያ ወዲህ ስለ ሒስ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ። ከዚያች ቅዳሜ የሚበልጥ ትምህርት አገኘሁ ብል ግን ዋሸሁ። ቤቴ ገብቼ የነጭ ልብሱን ንግግር ከደብተሩ ቀደድኩት። መጀመሪያ በጥንቃቄ አጥፌ ኪሴ ውስጥ አስቀምጬው ነበር፤ በማግሥቱ ግን ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።

በገበያ ቀን ያ ገበሬ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። በክፍል መካከል በሩን አንኳኩተው አስጠሩኝ።

«መምህር፣ ይግባኙ መቼ ነው?»

«የምን ይግባኝ፣ ጋሼ?»

«ታላቁ ዝም ይላል እንዴ? እንዲህ ያለ ሰው ይግባኝ ሳይል አያድርም። ቀኑን አውቄ ልዘጋጅ ብዬ ነው።»

«ጋሼ፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«ጨዋታ መሆኑንማ አውቃለሁ» አሉ፣ እንደ መቀየም ብለው። «ጨዋታም ቢሆን ፍርድ ፍርድ ነው።»

እዚያው በሩ ላይ እንደቆምን የታናሹ ወንድም ነገረ ፈጅ ሆነው እንዲጫወቱ ለመንኳቸው። ደስ አላቸው። ግን ልምምድ ስንጀምር ሁለት ችግር መጣ። አንደኛው፣ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት አይናገሩም፤ «ያንንማ ትናንት ብዬዋለሁ» ይላሉ። ሁለተኛው የባሰ ነበር፤ መረታት እንቢ አሉ። በጽሑፌ ሐሰቱ ማሸነፍ አለበት።

«እኔ ዳኛ ፊት ቆሜ ተረትቼ አላውቅም» አሉ። «አገር ይስቅብኛል።»

«ለትንሽ ጊዜ ብቻ ነው፣ ጋሼ። መጋረጃው እስኪዘጋ።»

«ለትንሽ ጊዜም ቢሆን።»

ሦስት ቀን ተከራከርን። እኔ በጸሐፊነቴ፣ እሳቸው በአንደበታቸው። በመጨረሻ የባልትና መምህርቷ ገላገለችን። «ይግባኝ ካለውስ?» አለቻቸው።

አሰቡ። «ይግባኝ ካለውማ እረታለሁ።»

እንዲህ ሆኖ አዲሱ መጨረሻ ተሠራ። ዳኛው ለታላቁ ይፈርዳል፤ ሚስቲቱ ከበሩ ላይ ሆና ባሏን ታያለች፤ ነገረ ፈጁ ዘንጋቸውን መሬት መትተው «ይግባኝ!» ይላሉ፤ መጋረጃው ይዘጋል። ንግግር የለም፣ ነጭ ልብስ የለም፣ ከሰልም የለም። ምስክሩ ፊቱን ታጥቦ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ «እንደምን ዋላችሁ» እያለ ይገባል። በልምምድ ላይ ሲያዩት ዲሬክተራችን «ይኼ ልጅ ጨዋ ነው፤ ምስክሩ ማነው ታዲያ?» አሉ። ያን ጊዜ የኔታ ምን ማለታቸው እንደነበረ ገባኝ።

ወሬው ቡሬ ደረሰ። በጥር፣ እህል ከገባ በኋላ፣ የቡሬ ነጋዴዎች መጥታችሁ አሳዩን ብለው ላኩብን። የባልትና መምህርቷም እናቴ ንግዷን ጥላ ጨዋታ ልታይ አትመጣም ብላ እሺ አለች። አዳራሽ ስለሌለ አንድ ትልቅ መጋዘን እንደሚያዘጋጁልን ነገሩን። በእህል መኪና ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ጉዞ ጀመርን። ገበሬው መኪና ሲጋልቡ የመጀመሪያቸው ነበር፤ በየመታጠፊያው ለሾፌሩ «ቀስ፣ ወንድሜ፣ ዳገቱን አታስደንግጠው» ይላሉ። መንገድ ከጋመስን በኋላ የባልትና መምህርቷ ዲሬክተሩን ጠየቀቻቸው።

«መጋዘኑ የት ጋ ነው?»

«ገበያው አጠገብ ነው አሉ። አንዲት በርበሬ ነጋዴ ናቸው የሰጡን። ሰማያዊ በር ያለው።»

ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሳበችው። «እሱማ የእናቴ ነው» አለች።

ሁላችንም ተደናገጥን። የሒሳብ መምህሩ መኪናውን አስቁመን እንመልሳት አለ። እኔ ያ ተማሪ ቀሚሱን ይዞ ባለመምጣቱ ራሴን ረገምኩ። እሷ ግን ትንሽ ካሰበች በኋላ ሳቀች። «መኪናው አይመለስም፤ እኔም አልመለስም። ብቻ እናቴ ዱላ ካነሣች ዳኛው ይገላግሉኝ።» የሒሳብ መምህሩ ቀላ። እንዲህ ሲቀላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ ነገሩ ግን አልገባኝም።

መጋዘኑ ሰፊ ነው። ከፊት ለፊቱ ያለው ተጠርጎ ለሕዝብ ተለቋል፤ በስተኋላ እስከ ጣሪያው ድረስ የአዲስ በርበሬ ጆንያ ተደርድሯል። ለእኛ ክብር ሲባል ጠዋቱን በሙሉ ሲጠረግ ውሏል። የጠረጉት ለደግ ነው፤ ግን የበርበሬ መጋዘን መጥረግ ማለት የተኛውን መቀስቀስ ነው። ሕዝቡ ገብቶ ሲጨናነቅ፣ እግር መሬቱን ሲያምሰው፣ ሙቀቱም ሲጨምር፣ አየሩ ራሱ ቀይ መሰለኝ። መጋረጃው ሳይከፈት ፊት ለፊት ያሉት ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። አየሁና አላየሁም ብዬ መጋረጃውን ከፈትኩ።

እንዲያ ያለ ቴአትር ዳግመኛ አላዘጋጀሁም። ታናሹ ወንድም ቦይ ሲቆፍር ሕዝቡ ዕንባውን አፈሰሰ። ሚስቱ «ምሳ አምጥቻለሁ» ስትል አንዲት ሴት ስቅ ስቅ አለች። ታላቁ ወንድም ሊሳደብ አፉን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ሳለ። ምስክሩ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ ሲገባ ዓይኑ እንደ ፍም ቀልቶ ስለነበር ከሰል ከመቀባት ባሰ። ዳኛው ፍርዱን ሊሰጥ «ፍርድ ቤቱ ግራ ቀኙን...» አለና አስነጠሰ። ደገመና አስነጠሰ። ሦስተኛ ሲያስነጥስ ነገረ ፈጁ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«አያችሁ? ዳኛው ፍርዱን ሊውጡት ቢሉ አልዋጥ አላቸው!»

መጋዘኑ በሳቅ ተናወጠ። የሚስቀው ያለቅሳል፣ የሚያለቅሰው ይስቃል፣ የሚያስነጥሰውን የሚቆጥር የለም። ነገረ ፈጁም ዕንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ዘንጋቸውን መትተው «ይግባኝ!» አሉ። «ይግባኝ! ይግባኝ!» አለ ቡሬ በሙሉ፤ ከዚያም ንጹሕ አየር ፍለጋ በአንድ ጊዜ ወደ ሰማያዊው በር ገፋ።

እኛ በጓሮ በኩል ወጥተን ፊታችንን ስንታጠብ የመጋዘኑ ባለቤት መጡ። ወፍራም፣ ግርማ ያላቸው ሴት ናቸው፤ በእጃቸው ዱላ የለም። ልጃቸው ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ ቆመች። የሒሳብ መምህሩ እፊቷ መጥቶ ቆመ።

«አንተ ዞር በል፣ ዳኛ» አሉት። «እኔ ጋ ገና ችሎት አልተቀመጥክም።» ዞር አለ። ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «እኔን ሳታማክሪ፣ በእኔው መጋዘን!»

«እማዬ፣ አዝማሪነት አይደለም...»

«ምን እንደሆነማ አይቻለሁ፤ ዓይን አለኝ። ፊተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ።» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ይኼ በበርበሬው ነው፤ በርበሬ ስሸጥ ነው የኖርኩት፣ እንደዚህ አላስለቀሰኝም። በሩ ላይ ቆመሽ ባልሽን ስታዪው ግን በርበሬውን ረሳሁት። አባትሽ ለክስ ሲመላለስ እኔም እንዲያ ቆሜ አየው ነበር። ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም፣ እማዬ። ትንሽ ሆኜ ከጎንሽ ቆሜ ነበር።»

እናትየው ጎትተው ወደ ደረታቸው አስጠጓትና ሁላችንንም ወደ ቤታቸው ለምሳ ነዱን።

ስንመለስ ዲሬክተራችን በመኪናው ላይ እንደ ሙሽራ አበሩ። «ቡሬን አስለቀስነው!» ይላሉ። ለበላይ መሥሪያ ቤት ያንኑ ጻፉ፤ የአንድ ከተማ ሕዝብ በልቅሶ የሸኘው ቴአትር። ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ስሜ ከእኔ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ሻይ ቤት ስገባ ሰው ይነሣልኛል። አልዋሽም፣ ሳምንት ያህል ተመቸኝ። መስታወት ፊት ቆሜም ለራሴ አንገቴን ዝቅ አድርጌለታለሁ።

ግን መጋረጃው ሳይከፈት ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ይህን የማውቀው እኔ ነኝ። አንድ እሑድ ቁጭ ብዬ ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩ፤ ቡሬ ያለቀሰው በበርበሬ እንጂ በጸሐፊው ችሎታ እንዳልሆነ፣ የታላቁ ወንድም ንግግር መርዘሙን፣ ምስክሩ መቼ እንደሚወጣ ባለማወቁ ለረጅም ጊዜ ግድግዳ ሲያይ መቆሙን። በርበሬው ያልነካቸው ሁለት ነገሮች እንደነበሩም ጻፍኩ፤ አንዲት ሴት በር ላይ ቆማ ባሏን ያየችበት አተያይና የአንድ ገበሬ አንደበት። አዲስ አበባ ለሚታተም ጋዜጣ ላክሁት።

ወር አልፎ ጋዜጣው በአውቶቡስ መጣ። ጽሑፌ ወጥቷል። ዲሬክተራችን ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«ሰው ጠላቱን ያማል፤ አንተ ራስህን ታማለህ? እኔስ ለበላይ የጻፍኩት ምን ይሁን?»

«ማልቀሳቸው እውነት ነው፣ ጌታዬ። እርስዎ ያሉትን አላፈረስኩም፤ ምክንያቱን ነው የጨመርኩ።»

ሊቆጡ ፈለጉ፤ ሳቃቸው ቀደማቸው። ያን ዳኛ ሲያስነጥስ አስታውሰው ጠረጴዛቸውን እየመቱ ሳቁ። ጋዜጣውን ይዤ ወደ የኔታ ሄድኩና አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ሲያበቃ «ይበል» አሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

በዚያው ዓመት ክረምት ከአንድ የአዲስ አበባ ቴአትር ቤት ደብዳቤ ደረሰኝ። ጽሑፉን አንብበው ነበር፤ ራሱን እንዲህ የሚመረምር ሰው እንፈልጋለን፣ ናና ከእኛ ጋር ሥራ ይላል። ሄድኩ። መጀመሪያ መጋረጃ ሳቢ፣ ቀጥሎ ረዳት፣ ቆይቶም አዘጋጅ ሆንኩ። በራሴ ያዘጋጀሁት የመጀመሪያው ሥራ ወደቀ፤ ተመልካቹ ሦስት ረድፍ እንኳ አልሞላም፣ ከመጡትም ግማሾቹ ዕረፍት ላይ ሄዱ። በማግሥቱ ስለ ራሴ ውድቀት ራሴ ጻፍኩ፤ ሰው ጽሑፉን ከቴአትሩ ይልቅ ወደደው። ከዚያ በኋላ ማታ መድረክ፣ ጠዋት ብዕር ሆነ ኑሮዬ። የተቀየሙኝ አዘጋጆች ብዙ ናቸው፤ ግን ከእኔ በላይ የነቀፍኩት አዘጋጅ እንደሌለ ስለሚያውቁ ከጥቂት ቀን በኋላ ይታረቁኛል።

በአምስተኛው ዓመት ጥር ላይ የሠርግ ጥሪ ደረሰኝ። የባልትና መምህርቷ ዳኛውን ልታገባ ነው። ጥሪውን ሳነብ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ቆነጠጠኝ፤ ለምን እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው፣ ረፍዶ። ቢሆንም የሒሳብ መምህሩ ሚዜዬ ሁን ብሎ ስለጻፈልኝ ከመናደድ ይልቅ ሳቄ መጣ። ያን የኮቴን ጫፍ የጎተተውን ሰው ቴአትሩ ውስጥ የከተትኩት እኔ አይደለሁ!

ሠርጉ ቡሬ፣ በሙሽራይቱ እናት ግቢ ተደገሰ። ዳሱ ከመጋዘኑ ራቅ ብሎ እንዲተከል እናትየው አስቀድመው አዘዋል። ሙሽራይቱ ያን ጊዜ ቡሬ ተዛውራ በየዓመቱ ተማሪዎቿን ቴአትር ታሠራለች። የዚያን ዓመቱን ተማሪዎቿ በሠርጉ ማግሥት ለእንግዶቹ አሳዩ፤ ከእኔ ሥራዎች የትኛውም አጠገቡ አይደርስም። እንዲህ ብዬ ለጋዜጣ ስጽፍ አንዲት ቃል አልሰሰትኩም።

ስመለስ አውቶቡስ ተራ ድረስ የሸኙኝ ለሠርጉ ተጠርተው የመጡት ያ ገበሬ ናቸው። ዘንጋቸውን ተደግፈው አጠገቤ ቆሙ። ስለ አዲስ አበባ ቴአትር ሁሉን ጠየቁኝ፤ ስለ መብራቱ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ዳኞቹ።

«እዚያ አንዱን ጨዋታ ስንት ጊዜ ታሳያላችሁ?»

«ከተወደደ ሃያም ሠላሳም ጊዜ እናሳያለን፣ ጋሼ።»

«ያንኑ?»

«ያንኑ።»

«ቃሉም ሳይለወጥ?»

«ሳይለወጥ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲያ ኸሆነስ፣ መምህር፣ ማን እንደሚረታ እያወቀ ሰው ስለምን ይመጣል?»

መልስ ልሰጥ አፌን ከፈትኩ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፣ ረዳቱ «ግቡ፣ ግቡ!» አለ፣ እሳቸውም እየሳቁ በትከሻዬ ወደ በሩ ገፉኝ። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ የቡሬን ገበያ እየዞረ ሲወጣ ገና መልሱን እፈልግ ነበር።